እንዲያስረሳኝ ለምኜ ነበር

ወገኖች፣ ጌታ ይባረክ። ዛሬ ወደዚህ የወጣሁት ላመሰግን ነው። ላመሰግንም፣ አንድ ነገር ላስተካክልም። ባለፈው ዓመት እዚሁ ቦታ ላይ ይህንኑ ማይክ ይዤ መስክሬያለሁ። «ጌታ ሐዘኔን አስረሳኝ» ብያችሁ ነበር። እናንተም እልል ብላችኋል፣ አጨብጭባችኋል። የዛሬው ምስክርነቴ ያንን ያፈርሰው ወይ ይጨምርበት እኔም በደንብ አልለየሁትም። መጋቢያችንን ስጠይቃቸው «እንደመጣልሽ ተናገሪው» አሉኝ። እንደመጣልኝ ከተናገርኩ ደግሞ መዘበራረቁ አይቀርም፤ ታገሡኝ።

ለማታውቁኝ፣ ማስረሻ እባላለሁ። የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ ነኝ። እዚህ ጎንደር የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፤ የልጆቻችሁ ሱሪ ጉልበቱ ላይ ቶሎ ከተቀደደ የሰፋሁት እኔ አይደለሁም። ባለቤቴ ደምሴ ጎሚስታ ነበር፤ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ጎማ ይጠግን ነበር። «ነበር» ማለት አሁንም አፌ ላይ ይከብደኛል።

ከስሜ ልጀምር፣ ነገሩ ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነውና። እኔ ሳልወለድ እናቴ አንድ ወንድ ልጅ ሞቶባት ነበር። በእኛ አገር ከሞተ ልጅ ቀጥሎ የሚወለደው ካሳ ይባላል፣ ምትኩ ይባላል፣ ማስረሻ ይባላል። እኔ ማስረሻ ተባልኩ። ልጅ ሆኜ ስሜ ሥራ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ተክዛ ካየኋት ሮጬ ሄጄ አስቃታለሁ፤ ካልሳቀችልኝ ሥራዬን ያልሠራሁ ሆኖ ይሰማኛል። ስለዚያ ልጅ ቤታችን ውስጥ ማንም አያወራም። ስሙን እንኳ አላውቀውም ነበር። እንዳልጠይቅ፣ ማስረሻ ሆኜ እኔው እንዴት ላስታውሳት?

ጌታን ያገኘሁት በደምሴ በኩል ነው። ለእሱ ወንጌሉን የነገረው ጎማ ሊያስጠግን የቆመ የጭነት ማኪና ሾፌር ነው። ደምሴ ቤት መጥቶ ሲነግረኝ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቀጥዬ ተቆጣሁ። «ከእናቴ ልታጣላኝ ነው?» አልኩት። እሱ መከራከር አያውቅም። ዝም ብሎ ይጸልያል፤ ወጡ እስኪቀዘቅዝ ይጸልያል። አንድ እሑድ «ልየው እስቲ፣ ምን ያደርጋሉ» ብዬ ተከትዬው መጣሁና ከኋላ በኩል ተቀመጥኩ። ሰባኪው «ጌታ በስምሽ ጠርቶሻል» ሲሉ ሰማሁ። በየትኛው ስሜ? አልኩ በልቤ። ማስረሻ ብሎ ከጠራኝማ የሚጠራኝ ለሌላ ሰው ብሎ ነው። ደምሴ ግን አንድም ቀን ማስረሻ ብሎኝ አያውቅም፤ ማሬ ነው የሚለኝ። «እኔ ምን የምረሳው ነገር አለኝና ማስረሻ ልበልሽ?» ይለኛል። ያን ቀን ጌታም ማሬ ያለኝ መሰለኝ። ይህ ትክክለኛ ትምህርት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ እጄን አንሥቼ የተቀበልኩት ግን እንዲያ መስሎኝ ነው። ስሙ ይባረክ።

ከዚያ ደምሴ ታመመ። ሆዱ አበጠ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ሐኪሙ ወደ ጎን ጠራኝና «እህቴ፣ ጉበቱ ነው፤ ብዙ ተጎድቷል» አለኝ። «ይድናል?» አልኩት። «እኛ የምንችለውን እናደርጋለን፣ አንቺም ጸልዪ» አለኝ። ጸለይን። እናንተም አልጋውን ከባችሁ ጸልያችኋል። ተፈውሷል ብለን አወጅን፣ ደምሴም በዚያ በደከመ አንገቱ ነቅነቅ ብሎ አሜን አለ። ከዚያ ሞተ። ወገኖች፣ ይህ እስካሁን አልገባኝም። ዛሬም ገባኝ ልላችሁ አልወጣሁም።

የቀብሩ ዕለት እናቴ ከአምባ ጊዮርጊስ መጣች። እናቴ ኦርቶዶክስ ናት፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን እየደቃች ገባች። መዘምራኑ ስለ ሰማይ ይዘምራሉ፣ እሷ «ወንድምዬ፣ እጀ ሸጋው» እያለች ሙሾዋን ታወርዳለች። ከእኛ እህቶች አንዷ በፍቅር አቅፋ «እማማ፣ አያልቅሱ፣ ደምሴ እኮ ጌታ ጋ ነው» አለቻት። እናቴ ቀና ብላ አየቻት። «ጌታ ጋ ቢሆንስ፣ እኔ ጋ የለም እኮ» አለች። በእናቴ አፈርኩ፣ በማፈሬ ደግሞ አዘንኩ። መዝሙሩን ልዘምር ወይ ከእሷ ጋር ላልቅስ መላ ቅጡ ጠፍቶኝ በመሃል ቆምኩ።

ቀጥሎ የተዝካሩ ነገር መጣ። አርባው ሲቃረብ እናቴ «ጠላውን እኔ እጠምቃለሁ፣ አንቺ ቤቱን ብቻ አዘጋጂ» አለችኝ። «እማዬ፣ እኛ ተዝካር አናወጣም» አልኳት። «ምነው? ሙት አታስቡም?» አለችኝ። ለነፍስ ይማር ብለን ድግስ አንደግስም፣ የሞተው በጌታ እጅ ነው ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ተቻኮልኩና «አዎ፣ አናስብም» አልኳት። እናቴ ብድግ ብላ ነጠላዋን አጣፋች። ሳትሰናበተኝ ወደ መናኸሪያ ሄደች። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አልተነጋገርንም።

አናስብም ብዬ ከተናገርኩ ወዲያ እኔም አመንኩት። ወንድሞች ሲያጽናኑኝ «የኋላውን እየረሳሽ ወደ ፊት ተዘርጊ» የሚለውን ቃል አካፈሉኝ። ቃሉ መልካም ነው፣ በእነሱም አልፈርድም። ግን የኋላው የተባለው ደምሴ መሰለኝ። ፎቶውን ከግድግዳ አወረድኩ። ቱታውን ለሰው ሰጠሁ። ስልኬ ላይ ማሬ እያለ የላካቸው የድምፅ መልእክቶች ነበሩ፤ ጸልዬ፣ አልቅሼ፣ አጠፋኋቸው። ይባስ ብሎ ኦሪት ዘፍጥረትን ሳነብ ዮሴፍ የበኩር ልጁን ምናሴ ብሎ እንደጠራው አገኘሁ። እግዚአብሔር መከራዬንና የአባቴን ቤት አስረሳኝ ሲል ነው ያን ስም ያወጣለት። ስሜን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አገኘሁት፤ ምናሴ ማለት እኮ ማስረሻ ማለት ነው። ትንቢት ነው አልኩ። ጌታ ሆይ እንደ ስሜ አድርግልኝ፣ ደምሴን አስረሳኝ ብዬ ጾም ይዤ ለመንኩ። ማልቀሴም ቆመ። ያን ጊዜ ነው እዚህ ወጥቼ የመሰከርኩት።

እንግዲህ ዛሬ ላስተካክለው የመጣሁት ከዚህ በኋላ ያለውን ነው።

አንድ ከሰዓት ስፌት ላይ ተቀምጬ ሳለ አያ ሰይድ መጡ። አያ ሰይድ የታወቁ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ የዩኒፎርሜን ጨርቅ የምወስደው ከእሳቸው ነው፤ አይሱዙአቸው እስከ አዲ አርቃይ ዕቃ ይጭናል። ጎማውን የሚጠግነው ደምሴ ነበር። ጣቃውን አስቀመጡና «ልጄ ማስረሻ፣ ሊማሊሞ ላይ ጎማ ተነፈሰብኝና ደምሴ ትዝ አለኝ፤ አላህ ይርሐመው» አሉ። «አሜን» አልኩ፤ ጴንጤ ለሙት እንዲህ ሲባል አሜን ይበል አይበል ግራ እየገባኝ። እሳቸው ሳቅ እያሉ «ያቺ ለደንበኛው ሁሉ የሚላት ቃል ምን ነበረች? ጎማውን በተረከዙ መታ አድርጎ የሚላት? እዚያ ዳገት ላይ ቆሜ ለሾፌሩ ልላት ብዬ ጠፋችብኝ» አሉኝ።

ልመልስላቸው አፌን ከፈትኩ። ምንም የለም። ቃሏ በየቀኑ የምሰማት ነበረች፤ ምሳ ይዤለት ስሄድ ለስንቱ ሲላት ሰምቻለሁ። «ይቅርታ አያ፣ ጠፋችብኝ» አልኳቸው። «እኔ ሽማግሌው ብረሳ ያምርብኛል፣ አንቺ ምነው?» ብለው ቀለዱና ወጡ።

ከወጡ በኋላ መርፌውን አቁሜ ማሬ ሲለኝ እንዴት ነበር ድምፁ ብዬ ሞከርኩ። የመጣልኝ የራሴ ድምፅ ነው። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ የራሴው ነው። ፊቱን በልቤ ልሣል ብል ፎቶው ላይ ያለው ፊት እንጂ የሚንቀሳቀሰው ፊት አልመጣ አለኝ። ወገኖች፣ ጸሎቴ ተሰምቷል እኮ። የለመንኩትን ሰጥቶኛል። ማመስገን ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። ባለቤቴ ሁለተኛ የሞተብኝ ያን ከሰዓት ነው፣ በዚህኛው ደግሞ እጄ አለበት። ጌታ ሆይ፣ የሰጠኸኝን መልስ መልሰህ ውሰደው ይባላል? እንዲህ ያለ ጸሎት ሲጸለይ ሰምቼ ስለማላውቅ ጀምሬ ተውኩት።

ለአንዲት የጸሎት ቡድናችን እህት ነገርኳት። «ይሄማ ድል ነው፤ ሰይጣን መልሶ እንዳያሳዝንሽ ጠንክሪ» አለችኝ። ድል ከሆነ ለምን እንዲህ ባዶ ሆንኩ? ያንን ለማን ልበለው? በማግስቱ መናኸሪያ ሄጄ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ተሳፈርኩ። ለምን እንደምሄድ አላውቅም። ሰው የጠፋበት ነገር ሲኖር እናቱ ጋ አይደል የሚሮጠው፤ ባይነጋገሩም።

እናቴ ደጅ ላይ ተቀምጣ የዘር ድንች ትለያለች። ቀና ብላ አየችኝና «መጣሽ?» ብላ ወደ ድንቿ ተመለሰች። አጠገቧ ተቀምጬ እኔም መለየት ጀመርኩ። የበሰበሰውን ከጤነኛው ቀላቀልኩት መሰለኝ እጄን መታ አደረገችኝ። ያን ጊዜ ሳላስበው አፌ ላይ የመጣው ስለ ደምሴ አልነበረም።

«እማዬ፣ ከኔ በፊት የሞተውን ልጅ ረስተሽዋል?»

እጇ ቆመ። «ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ማስረሻ ብለሽ የሰየምሽኝ እንድትረሺው አይደል? ሆነልሽ ወይ?»

እናቴ የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። ሳቀች። «ስሙን እኔ መች አወጣሁት፣ ጎረቤት ነው ያወጣው። ‹ይቺ ታስረሳሻለች› አሉኝ፣ እሺ አልኩ። ኋላ ማስረሻ ብዬ ስጠራሽ፣ ምኑን ነው የምታስረሳኝ እላለሁ፣ ይኸው እሱ ይመጣል። ውኃ ቅጂ ማስረሻ ስል ይመጣል። ነይ ብዪ ማስረሻ ስል ይመጣል። አንቺን ጠርቼ እሱን ያላሰብኩበት ቀን የለም።»

«ታዲያ አላሳመመሽም?»

«ያማል እንጂ። ባያመኝ ነበር የምፈራው» አለች። ከዚያ ድንቹን በእጇ እያገላበጠች «እሸቴ ነው ስሙ» አለችኝ። «ኩፍኝ ነው የወሰደው። ሸጋ ልጅ ነበር፣ ወሬ የሚያበዛ። ተዝካር ላወጣለት እጄ ላይ ምንም አልነበረም፣ ሕፃን ነው ተብሎም ታለፈ። የሱ ተዝካር አንቺው ነሽ፣ ስምሽ ነው።»

ወገኖቼ፣ ይህን ስሰማ የሆንኩትን እንዴት ልንገራችሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ላስረሳ የተላክሁ መስሎኝ፣ ለካ ማስታወሻ ነበርኩ። ደስ ይበለኝ ይክፋኝ አላወቅሁም። ማልቀስ ጀመርኩ፣ እዚያው ድንቹ ላይ። አልቅሼ ሳበቃ ነገርኳት። ደምሴን እንዲያስረሳኝ እንደለመንኩ፣ ድምፁ እንደጠፋኝ፣ አያ ሰይድ የጠየቁኝን ቃል መመለስ እንዳቃተኝ።

«እርሺው ያለሽ ጌታሽ ነው?» አለችኝ።

«አይደለም። እኔ ነኝ የለመንኩት።»

«ምነው እንዲህ ያለ ልመና?» አለችና ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ እንደ ዋዛ አድርጋ «ተነፈሰ እንጂ አልሞተም ነው የሚለው» አለችኝ። «ጎማውን መታ አድርጎ ‹አትዘን፣ ተነፈሰ እንጂ አልሞተም።› ለእኔም ይላት ነበር። ጉልበቴን ሳማርርለት ይቺን ጉልበቴን ጠቅ አድርጎ፦ ‹እማማ፣ አይዞዎት፣ ተነፈሰ እንጂ አልሞተም።›» ይህን ስትል ድምፁን አስመሰለችው፣ ያን ቃሉን የሚጎትትበትን ነገር፣ መጨረሻ ላይ ሊስቅ ሲል የሚሆነውን። እናቴ አምባ ጊዮርጊስ ደጇ ላይ ተቀምጣ በባለቤቴ ድምፅ ተናገረች። ሰማሁት። ወዲያው ተከትሎ ማሬ ሲለኝ ሰማሁት፣ በራሱ ድምፅ። እጁ፣ የጎማ ጠረኑ፣ የቀዘቀዘው ወጥ፣ ሁሉም አንድ ላይ ተመለሰ። ጌታ ይባረክ። ጌታ ይባረክ።

ያቺ ቃል ትርጉም አላት ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ሰውየው ስለ ጎማ ነው ያወራው። ትንሣኤን አስቦ አይደለም፣ ደንበኛው አዲስ ጎማ ግዛ እንዳይባል ሰግቶ ሲቆም ሊያጽናናው ነው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ወደ መቃብሩ ስሄድ ሌላ ቃል አይመጣልኝም። ጌታ ይቅር ይለኛል።

ጎንደር ተመልሼ ለመጋቢያችን ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰሙኝና መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ገለጡ። «ማስረሻ፣ ዮሴፍን ግማሽ ነው ያነበብሽው» አሉኝ። «አስረሳኝ ብሎ ልጁን ምናሴ አለው። ኋላ ወንድሞቹ ሲመጡ ግን ጓዳ ገብቶ አለቀሰ። ራሱንም ሲገልጥላቸው ወዲያው የጠየቃቸው አባቴ በሕይወት አለ ወይ ብሎ ነው። ይህ የረሳ ሰው ነው?» ሳስበው ዮሴፍም ምናሴ ብሎ በጠራ ቁጥር የአባቱ ቤት ሳይመጣበት አይቀርም፤ እንደ እናቴ። «ለነፍሱ ብለን አንደግስም እንጂ ማሰብን ማን ከለከለሽ?» አሉኝ። ማንም። ራሴ ነኝ የከለከልኩት።

ቀጥሎ ባለው እሑድ የጌታን እራት ወሰድን። ሁልጊዜ የሚነበበው ተነበበ፤ «ይህን ለመታሰቢያዬ አድርጉት።» ስንት ጊዜ ሰምቼው አልፌዋለሁ። ያን ቀን ግን ኅብስቱ እጄ ላይ እያለ ቆምኩ። ጌታ ሊሞት ሲል ወዳጆቹን የለመናቸው እንዲያስቡት ነው። የሚነሣው እሱ፣ ሞትን የሚያሸንፈው እሱ፣ አስቡኝ አለ። ታዲያ እኔ በየትኛው ብርታቴ ነው ደምሴን እንድረሳ የለመንኩት? እዚያው ሆኜ ጌታ ሆይ፣ ያንን ጸሎቴን ተወው አልኩት። ለካ ሳልለምነው በፊት መልሶልኛል፣ ያውም ተዝካር በከለከልኳት በእናቴ አፍ። ስሙ ይክበር።

አሁን ፎቶው ግድግዳው ላይ ነው። ለአያ ሰይድም ቃሏን ነግሬያቸዋለሁ፤ ሾፌራቸውን አስጠንተዋታል። አለቅሳለሁ፤ ካለፈው ዓመት ይልቅ ብዙ አለቅሳለሁ። ስፈወስ ነው ወይስ ስታመም ነው፣ እናንተ ፍረዱ። ለምን እንዳልዳነ አሁንም አልገባኝም፤ በዚያ ጉዳይ ከጌታ ጋር ገና አልጨረስንም። ግን ጌታ የያዘውን ሰው እኔ መጣል የለብኝም፣ ይህችን ያዝኩ። ለእኔ መጽናናት ማለት ደምሴን ሳስበው ጌታም አብሮኝ እንደሚያስበው ማወቅ ነው። እናንተም የሞተባችሁ ካለ፣ ላለማዘን ብላችሁ ስሙን የዋጣችሁት፣ ዛሬ ቤት ስትገቡ ጮክ ብላችሁ ጥሩት። ጌታ አይቀየማችሁም። እመኑት፣ ሙታናችንን አይረሳም፤ እኛም እንድንረሳቸው አልጠየቀንም።

ልጨርስ። እናቴ ዛሬ መጥታለች። «አልዘምርም፣ በር አጠገብ ብቻ እቀመጣለሁ» ብላ ነው የመጣችው፤ ያቻትላችሁ፣ ነጠላ የለበሰችው። ማኪና እንዳያመልጣት ሰግታ በእጇ በቃሽ እያለችኝ ነው። ካልወረድኩ ትጠራኛለች፣ አውቃታለሁ፣ ሰው አታፍርም። ስትጠራኝ ስሙልኝ። ማስረሻ ስትል ማንን እየጠራች እንደሆነ አሁን እናንተም ታውቃላችሁ።